የጀግና ካባ ዘር ቆጠራ

በሌላው ዓለም የፊልም መሥሪያ ዕቃ መሰብሰብ ከመዝናኛ ልማድ አልፎ ትልቅ ንግድና ትልቅ ክርክር ሆኖአል። በአንድ በታወቀ ፊልም ውስጥ ተዋናዩ የለበሰውን ልብስ፥ የጨበጠውን ሰይፍ፥ የተጫማውን ጫማ በእጁ ለማድረግ ሰው ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ያወጣል። ይህን ወሬ የሰማ ያገራችን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስቆ ያልፈዋል፤ «ባልተወለደ ጀግና ልብስ ይህ ሁሉ ገንዘብ!» ይላል። ሣቁ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። እነዚያ ሰዎች ስለ አንድ ያልተወለደ ጀግና ካባ የሚጠይቁትን ያህል፥ እኛ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ በየቤቱ ተሰቅሎ ስለሚገኘው ስለ እውነተኛው ጀግና ለምድና ጋሻ ጠይቀናልን? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህ ነው።

በመጀመሪያ የተሣቀበትን ነገር ቀረብ ብለን እንመልከተው። ሱፐርማን ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ፈጥረውት በ1938 እ.ኤ.አ. በሥዕላዊ መጽሔት የወጣ፥ ከሌላ ዓለም መጥቶ በሰው መካከል የሚኖር ባለ ብርቱ ኃይል ሰው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ዶነር ወደ ፊልም አመጣው፤ ክሪስቶፈር ሪቭ የተባለውም ተዋናይ ሰማያዊ ልብስና ቀይ ካባ ለብሶ በሸራው ላይ በረረ። ልብሱን ያቀደችው ኢቮን ብሌክ ናት። ከካባዎቹ አንዱ በ2019 እ.ኤ.አ. በሐራጅ ቀርቦ ከ190,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ።

ፊልሙን ያየ ሰው አንድ ካባ ያየ ይመስለዋል። ሠሪዎቹ የሠሩት ግን አንድ ብቻ አይደለም። ለመቆሚያና ለመራመጃ የሚሆነው ሌላ፥ ተዋናዩ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሲበር የሚለብሰው ሌላ ነበረ። ከዚህም የሚያስደንቀው የልብሱ ቀለም ነው። ከበረራው ትርኢት አንዳንዱ የተነሣው በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ስለ ሆነ፥ የልብሱ ሰማያዊ ከመጋረጃው ጋር ተዋሕዶ እንዳይጠፋ፥ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሌላ ልብስ ተሠራ። በሸራው ላይ ግን እንደ ቀድሞው ሰማያዊ ሆኖ ታየ። እንግዲህ ይህ ልብስ ዛሬ ለገበያ ቢወጣ፥ ነገሩን የማያውቅ ገዥ «ቀለሙ ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ በሱቅ የሚሸጠውን የልጆች መጫወቻ ግን ፊልሙ ላይ ያየውን ስለሚመስል ይወደዋል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢ ዓይኑን ብቻ አያምንም። የፊልሙን ሥዕል አንድ በአንድ እያቆመ የጨርቁን ሽመና፥ የስፌቱን አካሄድ፥ የተቀደደበትንና የተጣፈበትን በአጉሊ መነጽር ያመሳክራል። ከስቱዲዮው ማን እንዳወጣው፥ ከእርሱ ማን እንደ ገዛው፥ ደረሰኙ የት እንዳለ ይጠይቃል። ከመካከል አንድ ሰው ከጠፋ የዕቃው ዋጋ ይወድቃል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። በሸዋ ሰው ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ሰብሳቢው የሚያደርገውም የዕቃውን ዘር መቁጠር ነው።

ስለ ዕቃ ዘር ከተነገሩት ታሪኮች ሁሉ የበለጠው ደግሞ የጀግና ሳይሆን የአንዲት ልጃገረድ ጫማ ታሪክ ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. በወጣው «የኦዝ ጠንቋይ» በተባለው ፊልም ጁዲ ጋርላንድ የተጫማችው ቀይ ጫማ በተነሣበት መጽሐፍ ላይ የብር ጫማ ነበረ፤ ፊልሙ በቀለም ስለሚነሣ ቀይ እንዲሆን ተደረገ። ስቱዲዮው በ1970 እ.ኤ.አ. ንብረቱን በሐራጅ ሲሸጥ ኬንት ዋርነር የተባለ የልብስ ክፍል ሠራተኛ ከዕቃ ቤቱ ውስጥ ጥቂት ጥንድ አገኘ። ከእነዚያ አንዱ ጥንድ ተዋናይቱ በተወለደችበት በሚኒሶታ ግዛት በሚገኝ ሙዚየም ሳለ በ2005 እ.ኤ.አ. ተሰረቀ፤ ከ13 ዓመት በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. ተገኘ። ሌባው በፍርድ ቤት እንደ ተነገረው ጫማውን የወሰደው በላዩ ያለው ቀይ ነገር እውነተኛ ዕንቁ መስሎት ነበረ። ዕንቁ አለመሆኑን የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛው ሰው በነገረው ጊዜ፥ ጫማው ምንም የማይረባ ሆኖ ታየውና ከእጁ አወጣው። ያ ጫማ በ2024 እ.ኤ.አ. በሐራጅ 32,500,000 ዶላር አወጣ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ክፍል ነው። ጫማው በተገኘ ጊዜ እውነተኛነቱ እንዲመረመር በዋሽንግተን ወደሚገኘው ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተወሰደ፤ እዚያ ሌላ ጥንድ ነበረና። ባለሙያዎቹ አራቱን ጫማዎች ጎን ለጎን አድርገው ሲመለከቱ፥ የአንዱ ጥንድ ግራ የሌላው ጥንድ ቀኝ ጓደኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከብዙ ዘመን በፊት ተለዋውጠው ነበር። ሙዚየም የተቀመጠው ምስክር ባይኖር የተሰረቀው ዕቃ ዘሩን ማስቈጠር ባልተቻለውም ነበር።

ያን ሌባ የሚመስል ገዥ በአገራችንም አለ። የአባት ጋሻ ሲመጣለት በላዩ የተለበጠውን ብር በዓይኑ ይመዝናል። ጋሻው የማን እንደ ነበረ፥ በየትኛው ዘመቻ እንደ ዋለ፥ ብሩን ማን እንደ ሰጠ አይጠይቅም። ሻጩም ችግር ያስጨነቀው ስለ ሆነ ሳይጠየቅ አይናገርም። ብሩ ተገንጥሎ ቀልጦ የጆሮ ጌጥ ይሆናል፤ ቆዳው በቱሪስት ሱቅ ግድግዳ ላይ «የጥንት ጋሻ» ተብሎ ይሰቀላል። እዚህ ላይ ያለው ጥፋት ከማሽን ቤት ጥፋት ይብሳል፤ ማሽን ቤት ብረቱን እንጂ ታሪኩን አይወስድም ነበር።

ለወጣት አንባቢ ለምድ ምን እንደ ሆነ መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም። ለምድ በትከሻ ላይ የሚደረብ የጀግናና የሹም ልብስ ነው። ከአንበሳ ወይም ከነብር ቆዳ፥ ጠጕሩ ከረዘመ የበግ ቆዳ፥ ወይም ከከፋይና ከሐር ይሠራል፤ የታችኛው ጫፉ ተተልትሎ ይንጠለጠላል። ከእርሱ ጋር ከአንበሳ ጋማ የተሠራ ጎፈር፥ በክንድ የሚጠለቅ የብር ቢተዋ፥ በብር የተለበጠ ጋሻና ጎራዴ ይገኛሉ። እነዚህን ሰው እንደ ወደደ ገዝቶ አይለብሳቸውም ነበር፤ ለሥራው ዋጋ በጌታው እጅ በሰው ፊት ይሸለማቸው ነበር እንጂ። በዚህ ላይ የፊልሙ ጀግናና የሸዋው ጀግና ይለያያሉ። ሱፐርማን ተራ ልብሱን አውልቆ ካባውን ሲያደርግ ጀግና ይሆናል፤ የሸዋው ሰው ግን ጀግና ከሆነ በኋላ ይለብሳል። ስለዚህ ለምዱ ራሱ እንደ ደረሰኝ ነው። ነገር ግን የተከፈለበት ሥራ ያልተጻፈበት ደረሰኝ ምን ያስረዳል?

ከለምዱ ሌላ በርኖስ አለ። በርኖስ የመንዝና የአንኮበር ብርድ ያወጣው ካባ ነው፤ ከመንዝ በግ ጠጕር ተፈትሎ፥ ተሸምኖ፥ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚሰፋ። ስለ ለምድ የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለ በርኖስ የሚናገር ጥቂት ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙው ወታደር የዘመተው በዚህና በጋቢ ነበርና። በፊልም ዕቃ ገበያም እንዲሁ ነው፤ የመሪ ተዋናዩ ልብስ ይከበራል፤ ከኋላው የቆመው የሺህ ሰው ልብስ በጅምላ ይጣላል። ከዚህ የተነሣ የሺሁ ልብስ ብርቅ ይሆናል። በርኖስም አሮጌው ለአህያ ጀርባና ለበር መዝጊያ እየዋለ ስላለቀ፥ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ሙሉ በርኖስ ማግኘት የብር ጋሻ ከማግኘት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። አንድ ሰው «ይህ ለምድ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው» ብሎ ቢያመጣ በምን እናምነዋለን? ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ተቀምጠው ሸዋን ገዝተው በ1840 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ይኸውም 1847 እ.ኤ.አ. ነው። በኬሚስትሪ የሚሠራው የልብስ ማቅለሚያ ግን ዊልያም ፐርኪን የተባለው እንግሊዛዊ ሐምራዊውን ቀለም በ1856 እ.ኤ.አ. ካገኘ ወዲህ የተስፋፋ ነው። የለምዱ ሐር በዚያ ዓይነት ማቅለሚያ የተነከረ ሆኖ ከተገኘ፥ ሽማግሌው ምንም ቢምሉ፥ ለምዱ የንጉሡን ዘመን አላየም፤ ወይም ሐሩ በኋላ ዘመን የተለወጠ ነው። ይህ ሁለተኛው አስተያየት ሊናቅ አይገባም። የተወደደ ልብስ ይታደሳል፤ መታደሱም ከታሪኩ አንዱ ክፍል ነው።

ከብር የተሠራውን ዕቃ ደግሞ ብዙ ሰው በጠገራው ይፈርድበታል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በላዩ 1780 የሚል ዘመን አለበት። ይህን አይቶ «የዚህ ጌጥ ዕድሜ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» የሚል አዋቂ ነኝ ባይ አይጠፋም። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ ብሩ በዚያው ዘመን ምልክት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መመታቱን ግን አያውቅም። ጠገራው ስለ ጌጡ ዕድሜ ምንም አይመሰክርም።

ከሁሉ የሚያስቀው በጠመንጃ ላይ የሚደረገው ስሕተት ነው። የዓድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት መጀመሪያ 1896። አንድ ውጅግራ ወይም ሌላ የአውሮፓ ጠመንጃ በብረቱ ላይ 1888 የሚል ቍጥር ቢገኝበት፥ «እነሆ የዓድዋ ዓመት ተጽፎበታል» የሚል ሰው ይነሣል። ያ ቍጥር የፋብሪካው ነው፤ እንደ እኛ አቆጣጠር 1880 ወይም 1881 ማለት ነው። ጠመንጃው በዓድዋ ሊውል ይችላል፤ ቍጥሩ ግን አያስረዳም። በአንጻሩ 1898 የሚል የፋብሪካ ቍጥር ያለበት ጠመንጃ በዓድዋ ሊውል አይችልም፤ ድሉ ከሁለት ዓመት በፊት ሆኖአልና። እንዲህ ያለው ስሌት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን የሚሠራ ሰው ሲጠፋ የሐሰት ታሪክ በብረት ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ለሥዕል ማመሳከሪያ የሚሆነንም ነገር ፈጽሞ አላጣንም። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ ተቀምጦ፥ በኅዳር 1834 ዓ.ም. በአንጎለላ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተዋውሎአል። ወደ አገሩ ሲመለስ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ የግቢውን ሥርዓት፥ የዘማቹን ልብስና መሣሪያ ጽፎአል። አጻጻፉ በጌጥ የተጨናነቀና በራሱ መመካት የበዛበት ነው፤ ለምስክርነት የሚጠቀምበት ሰው ግማሹን ማራገፍ ይገባዋል። ከእርሱ ጋር የመጣው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ግን ከቃሉ ይልቅ በእጁ የተማመነ ሰው ነበረ። በ1852 እ.ኤ.አ. የታተሙት ሥዕሎቹ አንኮበርንና አካባቢውን፥ ሰዉንና አለባበሱን ያሳያሉ። የሱፐርማን ካባ ሰብሳቢ የፊልሙን ሥዕል እንደሚያቆም፥ የእኛም ሰው የበርናትስን ሥዕል አጠገቡ አድርጎ የለምዱን ቅርጽና የጋሻውን ጌጥ ቢያነጻጽር መልካም ነው። ሥዕል እንደ ፎቶግራፍ የማይታመንበት ነገር ቢኖርም፥ ምንም ከሌለበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በላይ የሚያጽናናን ግን እውነተኛ ፊልም መኖሩ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ሀብት ናቸው። ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ተቀመጠ። በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ የዕድሜያቸውን ትልቁን ክፍል ለዚህ ስብስብ ካታሎግ ሰጡ። ቀዩ ጫማ የተሰረቀውም፥ የሸዋ መጻሕፍት ጥላ የተጠበቀውም በአንድ ግዛት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ያስገርማል።

የብራና መጽሐፍ ሌባ የመጀመሪያ ሥራው ምንድር ነው? በመጽሐፉ ጠርዝ ወይም መጨረሻ ላይ የተጻፈውን የባለቤቱን ቤተ ክርስቲያን ስምና የሰረቀውን የሚያወግዘውን ቃል መፋቅ ነው። ውግዘቱን ፈርቶ አይመስለኝም፤ ስሙን ፈርቶ ነው። ስም ያለበት ዕቃ ባለቤቱን ይጠራል። ነገር ግን መጽሐፉ አስቀድሞ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ከሆነ፥ ፍቀቱ አይረዳውም። የብራናው ቀዳዳ፥ የጸሐፊው እጅ፥ የሰም ጠብታው፥ የተሰፋው ስንጥቅ ሁሉ በፊልሙ ላይ አለ። ለአንድ ጫማ በዋሽንግተን የተደረገው ለአንድ ድጓ በአዲስ አበባ ሊደረግ ይችላል። የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ይህን ዕድል በከፊል አገኙ። በግለሰብ ቤት የተሰቀሉት ለምድና ጋሻ፥ በሣጥን የታጠፈው በርኖስ ግን አላገኙም።

የእነዚህ ዕቃዎች ምስክር የቤተ ሰብ ቃል ነው። የቤተ ሰብን ቃል የሚንቅ ሰው የሸዋን ታሪክ ሊጽፍ አይችልም፤ ሳይመረምር የሚቀበለውም እንዲሁ። አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ በየቤቱ ያለ ጋሻ ሁሉ የዓድዋ ጋሻ ነው። አያት ሁሉ በዓድዋ ዘምቶአል። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ፥ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሸዋ ጦር መዋጋቱ በታሪክ የታወቀ ነው፤ የእነዚያ ዘመቻዎች ጋሻና ለምድ የት ሄደ? ጠፍቶ አይደለም፤ ስሙን ለውጦ ነው። ልጅና የልጅ ልጅ ከሚያከራክር ጦርነት ይልቅ ሁሉ የሚያከብረውን ድል መረጠ። ይህ የሰው ጠባይ ነው፤ ልንፈርድበት አንቸኩል። መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን በዚህ ላይ ቢለሳለስ መዝገቡ ዋጋ የለውም። ለምዱ የተሸለመበት ቀን የእርስ በርስ ጦርነት ቀን ከሆነ እንዲሁ ይጻፍ። ቀኑን ለማስዋብ ብሎ የሰውየውን እውነተኛ ሥራ መቀማት፥ ባለ ለምዱን ራሱን መዝረፍ ነው።

ስለ አርበኞች ዘመንም እንዲሁ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በመንዝ፥ በአንኮበርና በዙሪያው ራስ አበበ አረጋይንና ሌሎችን ተከትለው የተዋጉት ሰዎች ለምድ የሚለብሱበት ጊዜ አልነበረም፤ ጠጕራቸውን አሳድገው፥ ከጠላት የማረኩትን ይዘው ዱር ገቡ። ስለዚህ የአርበኛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ኢጣልያ የሠራችው ዕቃ ነው፤ የጣሊያን ኮዳ፥ የጣሊያን ጠመንጃ፥ የጣሊያን ቀበቶ። ዕቃውን ያለ ቃሉ ያገኘ ሰው የወራሪ ንብረት ነው ብሎ ይጥለዋል። የአርበኛው መሆኑን የሚያሳውቀው ማርኮ የያዘው ሰው ስምና የማረከበት ቦታ ብቻ ነው። ወደ አረንጓዴ ያደላውን የሱፐርማንን ልብስ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ስለ አምሳያ ዕቃ ጥቂት መናገር ይገባል። አንዳንድ ጸሐፊ አምሳያ ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ይቈጣል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በአንኮበር ኮረብታ ላይ፥ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ሥፍራ፥ የጥንቱን ቅርጽ የተከተለ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶአል። ከጥንቱ ቤት የቀረው የግንብ ቅሪት ነው። አምሳያው ባይሠራ ኖሮ ብዙ ሰው ወደዚያ ተራራ ባልወጣም ነበር፤ ወጥቶም ከሥሩ ያለውን ቆላና ወደ አዋሽ የሚዘረጋውን ሜዳ ባላየም ነበር። ይህ ጥቅም ነው። ጥፋት የሚሆነው እንግዳው ሌሊቱን አድሮ «በምኒልክ አዳራሽ ተኛሁ» ብሎ ሲመለስ ነው። የጥንቱ ድንጋይ ከዚህ እስከዚህ፥ የዛሬው ሥራ ከዚያ ወዲያ የሚል ግልጽ ጽሑፍ ለእንግዳውም ለግንበኛውም ክብር ነው። የዛሬው ግንበኛ ስምም መጻፍ አለበት፤ እርሱም ሠርቶአልና።

ስለ እኛ ፊልሞች ዕቃ ብዙ የምለው የለኝም። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም.፥ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ከታዩ ወዲህ ያገራችን ፊልም ረጅም መንገድ ሄዶአል። «ጉማ» ስሙ በየዓመቱ ለፊልም ሠሪዎች በሚሰጠው ሽልማት ተጠብቆአል። የልብስ ሰፊዎቹና የዕቃ ሠሪዎቹ ሥራ ግን እንደ ስሙ ሊጠበቅ ይገባዋል። በተለይ ወደ ፊት የሸዋን ታሪክ በፊልም የሚሠራ ሰው ለትርኢቱ የሚያሠራውን ለምድና ጋሻ «ለዚህ ፊልም በዚህ ዓመት የተሠራ» ብሎ በውስጡ ካልጻፈበት፥ ከአርባ ዓመት በኋላ ያ የፊልም ዕቃ በገበያ ላይ የበግ ለምድ ለብሶ የጥንት ዕቃ ሆኖ ይመጣል። ዛሬ በጭስ ታጥኖና በቅቤ ታሽቶ አሮጌ እንዲመስል የተደረገውን አዲስ ዕቃ መለየት ራሱ ከባድ ነው፤ ይህ ሲጨመርበት እንዴት ይሆናል?

ሰብሳቢን በጅምላ የሚነቅፉ ሰዎችም አሉ። ለዚህ ምክንያት አላቸው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ያጋዘውን በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሲከፋፈለው ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከገዥዎቹ አንዱ ነበረ፤ ያ ሰው ዐዋቂ ሰብሳቢ ነበር። ዐዋቂነቱ ዕቃውን ከጥፋት አዳነ ቢባል እንኳ ከባለቤቱ አራቀው። በአንጻሩ ሲራክ አስፋው የተባሉት ኢትዮጵያዊ ከጨለቆት ሥላሴ የተሰረቀ ዘውድ በሮተርዳም ቤታቸው በእጃቸው ቢገባ፥ ለሃያ አንድ ዓመት ደብቀው ጠብቀው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለአገሩ አስረከቡ። ሁለቱም ዕቃ ያዙ፤ አንዱ ለማስቀረት፥ ሌላው ለመመለስ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን ስለ ማስመዝገብ፥ ስለ መጠበቅና ያለ ፈቃድ ከአገር ስላለማውጣት ደንግጓል። ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው የታወቀውን ዕቃ ነው። ያልተመዘገበ ለምድ በሻንጣ ታጥፎ ቢወጣ የጠፋው ምን እንደ ሆነ የሚናገር ወረቀት የለም።

በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ሙዚየም የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት ይታያሉ። እነዚያን ልብሶች የሚያስከብራቸው የወርቅ ጥልፋቸው ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለለበሷቸው ሰዎች የቀረበች መሆኗም ነው። የተራው ዘማች ልብስ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ጠባቂው የልጅ ልጁ ነው፤ እርሱም ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ሲሄድ ጋሻው ከቤት ዕቃ ጋር ይቀራል።

እንግዲህ በአንኮበር ገጠር በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ጋሻ አለ እንበል። አንድ የታሪክ መምህር ሁለት ተማሪዎች አስከትሎ ይሄዳል። ጋሻው ከግድግዳው ይወርዳል፤ በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ይነሣል። ስፋቱ ይለካል፤ ቆዳው የምን እንደ ሆነ፥ ብሩ ስንት ቦታ እንዳለና ስንት ቦታ እንደ ተነቀለ ይጻፋል። በውስጠኛው በኩል የእጅ መያዣው ቆዳ ይታያል፤ በእጅ ላብ ጠቁሮ የለሰለሰ ከሆነ ያዘለው ሰው ይዞት ብዙ መንገድ እንደ ሄደ ይመሰክራል፤ ምንም ካልነካው ደግሞ የክብር ጋሻ ሆኖ ተሰቅሎ የኖረ ሊሆን ይችላልና ያም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ እማማ ወይም አባባ ይጠየቃሉ፤ ጋሻው የማን ነበር፥ ለእርስዎ ማን ነገረዎት፥ ለነገረዎትስ ማን ነገረው፥ ብሩ የተነቀለው በየትኛው ክፉ ቀን ነው። ቃላቸው እንደ ተናገሩት፥ ሳይታረምና ሳይዋብ ይመዘገባል። የማይታወቀው ነገር ቦታው ባዶ ይተዋል፤ «ዓድዋ» የሚል ቃል ለመሙያ አይገባበትም። ወረቀቱ በሁለት ይጻፋል፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ተጣጥፎ ከመያዣው ሥር ይገባል፤ ጋሻውም ወደ ግድግዳው ይመለሳል።